የመለማመጃው ሸሚዝ

ውድ ጋሼ መቀስ፣

ፖስታውን ሳላሽግ መላኬ ረስቼ አይደለም። አለቃዬ አንብባዋለች፤ ልጅዎም ብታነበው ደስ ይለኛል። በእኔና በእርስዎ መካከል ሌላ ሰው እንዳይገባ ያደረግኩበት ጊዜ ስለነበረ፣ ይቅርታውን ሰው ይስማው ብዬ ነው።

ፊዚዮቴራፒ ክፍላችን የገቡበት ቀን ትዝ ይለኛል። ቀኝ እጅዎ በስትሮኩ ተኮማትሮ፣ "አርባ ዓመት ልብስ ሰፍቼ አሁን የራሴን ቁልፍ ሰው ይቆልፍልኝ?" ብለው ተቆጡ። እኔ ደግሞ አባቴን ቀብሬ ሥራ ከተመለስኩ አንድ ሳምንት አልሞላኝም ነበር። አሳሳልዎ ሳይቀር የእሱን ይመስላል። "ልጄ" ሲሉኝ ሆዴ ባባ። ይህን እስከ ዛሬ ነግሬዎት አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ያለውን ያውቁታል። የግል ስልኬን ሰጠሁዎ። በእረፍቴ ቀን ሲደውሉ በእረፍቴ ቀን መጣሁ። የሌላ ታካሚ ሰዓት ቆርሼ ለእርስዎ ጨመርኩ። ልጅዎ "ልምምዱን አሳዪኝና እኔም ላሠራው" ስትለኝ፣ "አይዞሽ፣ እኔ አለሁ፤ አንቺ ሥራሽን ሥሪ" ብዬ ኮሪደር ላይ አስቀመጥኳት። ደግ የሆንኩ መስሎኝ ነበር። እውነቱን ልንገርዎ፣ ቀንቼባት ነው። እሷ አባት አላት።

ትልቁ ጥፋቴ ግን ሸሚዙ ላይ ነው። ያንን ባለ ስድስት ቁልፍ የመለማመጃ ሸሚዝ ለብሰው በቀኝ እጅዎ ሦስቱን ይቆልፉና አራተኛው ላይ ጣትዎ መንቀጥቀጥ ይጀምራል። ላብዎ ጠብ ጠብ ሲል አንጀቴ አልችል ይላል፤ ቀሪዎቹን እኔ እቆልፋቸዋለሁ። ካርድዎ ላይ ግን "ሸሚዙን በራሱ ይቆልፋል" ብዬ እጽፋለሁ። አንድ ቀን ቢሆን ባልከፋ፤ ሦስት ሳምንት ሙሉ እንዲያ ጻፍኩ።

ከዚያ ጉንፋን ጣለኝና አሥር ቀን ቀረሁ። ረጅሙ ባልደረባዬ ሊያሠራዎት ሲመጣ "ይሄ መሰላል አይነካኝም፣ ልጄ ትምጣ!" ብለው አባረሩት። ስመለስ ጣቶችዎ እንደ ድሮው ተጨብጠዋል። ረጅሙ ካርድዎን ይዞ መጣ።

"እዚህ ላይ ይቆልፋል ይላል። ስንት ቀን ለምኛቸው አንዴ እሺ ቢሉኝ፣ ሁለት እንኳ አልቻሉም እኮ" አለኝ።

አለቃችን ቢሮዋ ጠርታ ሁሉንም አስለፈለፈችኝ።

"ቆይ፣ አንቺ ሰውየውን እያከምሻቸው ነው ወይስ እያባበልሻቸው?" አለች። "በይ ካርዱን አስተካክዪ። ከነገ ጀምሮ ረጅሙ ይይዛቸዋል። ራስሽ ንገሪያቸው።"

ነገርኩዎ። "ምን አጠፋሁ፣ ልጄ?" አሉኝ።

"እርስዎ ምንም አላጠፉም ጋሼ። እኔ ነኝ ልክ ያጣሁት። እጅዎን ላድን ነበር የተቀመጥኩት፣ ልጅዎ ልሆን አልነበረም። ልጅዎ ውጭ ናት፤ ልጥራልዎ?"

ፊትዎን ወደ ግድግዳው አዞሩ። "እንዳሻሽ" አሉ። ጠራኋት።

ስድስት ሳምንት ሙሉ ኮሪደር ላይ ሰላምታ ነሱኝ። አኮረፉኝ ማለት ያንሳል፣ ሲያዩኝ መንገድ ይቀይሩ ነበር። አንድ ቀን ግን በልምምድ ክፍሉ በር ሳልፍ የልጅዎን ድምፅ ሰማሁ፦ "አባዬ፣ አታጭበርብር! በግራህ እኮ ነው የያዝከው!" እርስዎም "ይቺ ልጅ በማን ወጣች?" ብለው ሲስቁ፣ ረጅሙም አብሮ ይስቃል። እኔ ሳሠራዎ እንደዚያ ስቀው አያውቁም። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ፤ ስወጣ ግን ቀለል ብሎኝ ነበር።

ከሆስፒታሉ ወጥተው ወደ ቤትዎ ሲሄዱ ልሰናበትዎ አልደፈርኩም። ሸሚዙም በዚያው ጠፋ፤ ረጅሙ ስንት ቀን ፈለገው። ባለፈው ሳምንት ልጅዎ አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። የተበላው የቁልፍ ቀዳዳ ሁሉ ተጠግኗል፣ ስድስቱም ቁልፎች እንደ አዲስ ተተክለዋል። የላይኛው ቁልፍ ክሩ ዞሮበት ተንጋዷል፤ የታችኛው ግን ቀጥ ብሏል። ኪሱ ውስጥ ያለውን ወረቀት ሦስቴ አነበብኩት፦ "ለክፍሉ ነው። ላንቺ አይደለም፤ እንዳትኮሪ። ሁሉንም በቀኝ እጄ።"

ጋሼ፣ ኮርቻለሁ። ምን ላድርግ።

ዛሬ ጠዋት አንዲት አዲስ ታካሚ፣ መምህርት ናት፣ ለበሰችው። አራተኛው ቁልፍ ላይ ስትደርስ ጣቷ ተንቀጠቀጠ፣ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ሁለቱንም እጆቼን ጋውኔ ኪስ ውስጥ ከትቼ "አለሁ፣ ቀጥዪ" አልኳት። ብዙ ደቂቃ ፈጀ። ቆለፈችው። አምስተኛው አቃታት። ካርዷ ላይ "አራት" ብዬ ጻፍኩ።

የግል ስልኬን ቀይሬያለሁ፤ የክፍሉ ግን ያው ነው፣ በሥራ ሰዓት የቀረበው ሰው ያነሳዋል። የሚቀጥለው ቀጠሮዎ ከረጅሙ ጋር ነው። ኮሪደር ላይ ካገኘሁዎ ሰላም እልዎታለሁ፤ እባክዎ በቀኝ እጅዎ ይጨብጡኝ።

አክባሪዎ፣
የቀድሞ ፊዚዮቴራፒስትዎ