እምቢ የማይለው ኃላፊ

የእናቴ ልጅ፣ ጋሼ ኸለፍ፤

እንደምን ከርመሃል? ጉልበትህስ ተሻለህ? የኩዌት ፀሐይ በዚህ ወር እንደምትጨክን እሰማለሁና፣ ሥራ ስትወጣ ራስህን ሸፍን። እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። እማዬም ዓይኗ ደከመ እንጂ ምላሷ እንደ ድሮው ነው፤ አንተን ስታነሳ ብቻ ይለሰልሳል።

ይህን የምጽፍልህ ላመሰግንህ ነው። ኒዕማቴ የልደት ወረቀቷን አገኘች። ሰባት ዓመት ሙሉ በመንግሥት ዘንድ ያልተወለደችው ልጄ፣ ባለፈው እሑድ ተወለደች።

አባቷ ሊቢያ ገብቶ ድምፁ ከጠፋ ወዲህ፣ የጋብቻ ውሌን ይዤ የመዝገብ ቤቱን ኃላፊ ፈትሒን ደጅ ስጠናው እንደኖርኩ ታውቃለህ። ሕጉ እናትም ታስመዝግብ ይላል። እሱ ግን አንድ ቀን እንኳ እምቢ አላለኝም፤ ሻይ ያስመጣልኝና «ነገ፣ ኢንሻአላህ፣ እህቴ» ይለኛል። እኔም ጨዋ ሰው ነው እያልኩ ደስ ብሎኝ እመለስ ነበር። እማዬ «ሻዩን እየጠጣሽ ልጅቷን ልትድሪያት ነው» እያለች ስትስቅብኝ ኖራለች።

አንተ በስልክ «ሻዩን ተይና ፍርድ ቤት ሂጂ» ባትለኝ ዛሬም እዚያው ነበርኩ። ጠበቃዋ ሩወይዳ መጀመሪያ የጠየቀችኝ፣ እምቢ ብሎሻል ወይ ብላ ነው። ኧረ በጭራሽ ስላት ሳቀች። «አንቺ የዋህ፣ እምቢ ካለማ ይከሰሳላ። ጥያቄሽን ጽፈሽ በአደራ ፖስታ ላኪለት፤ ስልሳ ቀን ዝም ካለ ሕጉ ዝምታውን እምቢታ ብሎ ይቆጥርበታል» አለችኝ። ላክሁ፤ እሱም ዝም አለ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ በፈትሒ ዝምታ ግን ዳኛ ገባበት። ፍርድ ቤቱ፣ መመዝገብ ግዴታህ እንጂ ችሮታህ አይደለምና መዝግብ ብሎ አዘዘው።

ትእዛዙን ስሰጠው አንብቦ ሻይ አዘዘልኝ። «መጀመሪያ ጻፍ፣ ከዚያ እጠጣለሁ» አልኩት። አሥር ደቂቃ አልፈጀበትም። ሰባት ዓመት የተንከራተትኩበት ነገር የአሥር ደቂቃ ሥራ መሆኑን ሳይ፣ እዚያው ወንበሩ ላይ አለቀስኩ። አሁን ትምህርት ቤት ሲከፈት ትገባለች። አላህ አንተንም በልጆችህ ደስ ያሰኝህ።

ለባለቤትህ ለሰማሕ፣ ለልጆችህ ለረመዳንና ለዋፋ ሰላምታዬን አድርስልኝ። እማዬ ግንባርህን ስማ ትመርቅሃለች። ኒዕማት ግን አጠገቤ ቆማ፣ ሰላምታዬን በሙሉ ስሜ ካልጻፍሽው ደብዳቤው አይሄድም ብላኛለች። እንግዲህ ኒዕማት ሸሐታ ኡምራን ሰላም ትልሃለች።

እህትህ ሰኒያ
ነጅዕ ዓዋድ፣ ላይኛው ግብጽ
ኦገስት 20 ቀን 2008