ልጄ ላይ የተጨመረችው ዓመት

ሰኞ፣ ጥር 4

«ማመልከቻው በቀረበበት ዕለት ልጅቷ አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቷት ስለነበር ጥያቄው ተቀባይነት አላገኘም።»

የኢሚግሬሽን ቢሮው ደብዳቤ እንዲህ ይላል። ሐሰት ነው። ቤተልሔም የተወለደችው የካቲት 20 ቀን 2000 ነው፤ በፈረንጅ ፌብሩዋሪ 28፣ 2008። ወደ ሮም እንድትመጣልኝ በኅዳር ሳመለክት አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። ወረቀቶቹን ዘረገፍኩ። ፓስፖርቷ 2008 ይላል። እናቷ ከሞተች በኋላ አሳዳጊዋ እኔ መሆኔን ፍርድ ቤት የወሰነበት ወረቀት ግን በጣልያንኛው ትርጉም 2007 ይላል። ቢሮው ከሁለቱ የሚከለክላትን መረጠ። ለምን?

ተርጓሚው ግርማ ነው። አምና ከዕድራችን ጸሐፊነት እንዲነሳ እጄን ያወጣሁበት ግርማ። ትርጉሙንም በታሸገ ፖስታ ራሱ ነው ያስገባልኝ። እንዳላየው ይሆን?

ማክሰኞ

ካስትሮ ፕሬቶሪዮ ሰፈር ሄድኩ። ግርማ ከሱቁ ጀርባ ባለችው ክፍሉ ፈገግ ብሎ ተቀበለኝ። ፈገግታው አላማረኝም።

«ጋሼ፣ እኔ በእኛ ዓመት ላይ ሁልጊዜ ሰባት ነው የምደምረው» አለ። ከጥር ጀምሮ ስምንት ነው አልኩት። «አሎራ፣ እንግዲህ፣ እስከ ዛሬ የተመለሰብኝ የለም።»

ወረፋ የያዙ አንዲት ሴትዮ ሳቁ። «እኔንም በሚያዝያ የተወለድኩትን አንድ ዓመት አስረጅቶኛል። ጡረታዬ ይፈጥንልኛል ብዬ ዝም አልኩ!»

ግርማም አብሮ ሳቀ። ሴትዮዋን እንዲመሰክሩለት ሆን ብሎ አስቀምጧቸው ቢሆንስ?

ረቡዕ

ቤቲ ደወለች። «አባዬ፣ ታዲያ እኔ አሁን ስንት ዓመቴ ነው?» ሳቀች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ አብራት የምትኖረው አክስቷ ከፋሲካ በኋላ ቤቱን እንደምትለቅ ነገረችኝ። ልጄ የት ትገባለች?

እንደ አዲስ አመልክት ካሉኝ አለቀልኝ። የካቲት ሲያልፍ ውሸታቸው እውነት ይሆናል።

ሐሙስ

ግርማ የታረመውን ይዞ ቤቴ መጣ። ሳላስገባው በር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ልደቷ 2008። ልክ ነው። ታች ግን ውሳኔው የተሰጠበትን ጥቅምት 2018፣ «ኦክቶበር 2026» ብሎታል። ገና ያልደረሰ ቀን!

«ስምንት ደምር ያሉኝ እርስዎ ነዎት!» አለ፤ ደነገጠ።

ፊቱን አየሁት። የእውነት አልገባውም። አስገባሁት፤ አጠገቤ አስቀምጬ እያንዳንዱን ቀን አሳረምኩት። ከዚያ ትሪቡናሌ፣ እዚህ ፍርድ ቤት፣ ወስጄ ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አስማልኩት።

ዓርብ፣ ጥር 8

የቢሮው ሠራተኛ ወረቀቱን ሳታየው «ቫ ቤኔ፣ እሺ፣ እንደ አዲስ ማመልከት ይሻልዎታል» አለችኝ። ይሻላል ለማን? ደብዳቤዬን በማኅተም እስክትቀበል ከመስኮቱ አልተነቃነቅሁም። መጨረሻው ይህ ነው፦

«ፓስፖርቷ እጃችሁ ላይ እያለ 2007ን ለምን እንደመረጣችሁ አስረዱኝ። ማመልከቻዬም በኅዳር እንደቀረበ ይቆጠር። መልሳችሁን በጽሑፍ፣ ከነፊርማው፣ እስከ ጃንዋሪ 30 ድረስ እጠብቃለሁ።»