«ይዞ መቆየት ይመከራል» ስለተባለው አኩሪ አተር

ለተከበሩ የእህልና የቅባት እህሎች የዋጋ መረጃ መሥሪያ ቤት ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብሁ፣ ለእርስዎ ሙሉ ጤና፣ ለቤተሰብዎ ደስታ፣ ለስብሰባዎችዎም ረጅም ዕድሜ እመኛለሁ። እኔ ከጉልበቴ በስተቀር ደህና ነኝ። ራሴን ለማስተዋወቅ ያህል፣ በቆሎና አኩሪ አተር እያፈራረቅሁ የማመርት፣ ዕድሜዬ ስልሳን የተሻገረ፣ ልጆቼን ድሬ ለየቤታቸው ያበቃሁ ገበሬ ነኝ። ክቡርነትዎን ይበልጥ ደስ የሚያሰኘው ግን መሥሪያ ቤትዎ በየሳምንቱ ሰኞ የሚያወጣውን የዋጋና የመርከብ ጭነት መግለጫ ከመጀመሪያው መስመር እስከ መጨረሻው፣ የማተሚያ ቤቱ አድራሻ ሳይቀር የማነብ ሰው መሆኔ ነው። እንዲህ ያለ ታማኝ አንባቢ ጥቂት ቢደፍር ይቅር እንደሚሉት በማመን፣ ምስጋናዬንና ቅሬታዬን በቁጥር እየለየሁ አቀርባለሁ።

፩. በመጀመሪያ ስለ ትምህርቱ አመሰግናለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም። ቢሆንም በመግለጫዎ አማካይነት ብትን ጭነት የሚባለውን፣ ማለትም እህል በጆንያ ሳይታሰር በመርከብ ሆድ ውስጥ እንዲሁ ተዘርግፎ የሚጓዝበትን አሠራር ተምሬአለሁ። የመርከብ ኪራይ በናረ ጊዜ ወደብ ላይ ያለው ገዢ ጭማሪውን ከእኔ ዋጋ ላይ እንደሚቀንስም እንዲሁ። ዓለም ለአኩሪ አተር ብዙ በከፈለ ቁጥር እኔ ጥቂት የማገኘው በመርከቡ ምክንያት መሆኑ ከገባኝ ወዲህ ማንንም አላማም። መርከቡን አግኝቼ ባነጋግረው ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን እርሱም እንደ ክቡርነትዎ ዘወትር ከቦታው አይገኝም።

፪. ሁለተኛው ጉዳይ አንዲት ዓረፍተ ነገር ናት። አዝመራው በተሰበሰበ ማግሥት የወጣው መግለጫ፣ ሦስት ትልልቅ መርከቦች ወደብ ላይ ተራ እየጠበቁ በመሆናቸው የማጓጓዣ ዋጋ መናሩን ካስረዳ በኋላ፣ «ገበያው እስኪረጋጋ ምርትን ይዞ መቆየት ይመከራል» ይላል። እኔ በሕይወቴ ምርት ይዤ ቆይቼ አላውቅም፤ ከአውድማ አንሥቼ በቀጥታ ለነጋዴ ነበር የማስረክበው። ዘንድሮ ግን እንዲህ ያለ ትልቅ መሥሪያ ቤት በጨዋ ቋንቋ ሲመክረኝ እምቢ ማለት ነውር መስሎ ታየኝ። ጎተራዬ ከሃያ ጆንያ በላይ አይችልም፤ ምርቱ ደግሞ፣ ተመስገን ነው፣ ስልሳ ሁለት ጆንያ ሆነ። የተረፈውን ወደ ቤት አስገባሁት። መጀመሪያ ሳሎኑ ሞላ፣ ቀጥሎ መተላለፊያው፣ በመጨረሻም መኝታ ቤቱ። የቤቱ በር እስከ ግማሽ ድረስ ብቻ ይከፈት ጀመር፤ እኔና ባለቤቴ በጎን እየሾለክን እንገባለን።

ባለቤቴ መጀመሪያ ላይ ስቃለች። በሠላሳ አንድ ዓመት ትዳራችን ሶፋ ግዛ እያለችኝ ነገ ዛሬ ስላት ኖሬ ነበርና፣ ጆንያዎቹን አንሶላ አልብሳ፣ ይኸው ሶፋ ገባልን እያለች ለጎረቤት አሳየች። ሁለተኛው ሰኞ መጣ፤ ይዞ መቆየት ይመከራል። ሦስተኛው መጣ፤ ይመከራል። በአራተኛው ሳምንት አንዱን ጆንያ አይጥ ከሥሩ ቀዶት ኖሮ ፍሬው መተላለፊያው ላይ ተበትኗል። ባለቤቴ ጠዋት የሻይ ማንቆርቆሪያ ይዛ ስታልፍ ረገጠችው። አኩሪ አተር እግር ሥር ሲገባ ምን እንደሚያደርግ በመግለጫዎ ተጽፎ ስላላገኘሁት እኔ ልጨምርበት፤ ይሽከረከራል። የምትይዘው ነገር ስታጣ በቀኝ እጇ ወለሉን ተመረኮዘች፤ የእጇ አንጓ ተሰበረ።

፫. በጀሶ የታሰረ እጅ ይዞ ጆንያ ላይ እየተንጠላጠሉ አልጋ ላይ መውጣት አይቻልም። ስለዚህ በአውቶቡስ ሁለት ሰዓት ወደሚያስኬደው ከተማ፣ ወደ እህቷ ቤት ላደርሳት ተስማማን። መናኸሪያ ላይ ስንሰነባበት አልተቆጣችም። «አኩሪ አተርህ ዋጋ ሲያወጣ ጥራኝ» ብቻ አለችኝ፤ ሁለታችንም ሳቅን።

ከዚያ በኋላ ሰኞ ሰኞ ወደ ገበሬዎች ማኅበሩ ጽሕፈት ቤት እየሄድሁ መግለጫውን ተቀብዬ ካነበብሁ በኋላ እደውልላት ነበር። ምን ይላል ትለኛለች፤ ታገሡ ይላል እላታለሁ። ስድስተኛው ሳምንት ላይ ምን ይላል ማለቷን ተወች። የእህቷ ጎረቤቶች ሴት ልጆቻቸውን ስፌት እንድታስተምርላቸው እንደለመኗት፣ እርሷም እጇ እንደታሰረ በአፏ ብቻ እያረመች አራት ልጃገረዶችን ቀሚስ መቁረጥ እንዳስቻለቻቸው ነገረችኝ። ከጀርባዋ ሳቅ፣ የመቀስ ድምፅ፣ የሬዲዮ ዘፈን ይሰማል። እኔ የምነግራት ስለሌለኝ ስለ መርከቦቹ እነግራታለሁ።

ቤቱን በተመለከተ፣ ጠረጴዛው በጆንያ ስለተያዘ ቆሜ መብላት ለመድሁ። ቆሞ የሚበላ ሰው ቶሎ ይጨርሳል፤ ቶሎ የጨረሰ ሰው ደግሞ ቀኑ ይረዝምበታል። ጆንያ ድምፅ እንደሚውጥ ያወቅሁትም ያኔ ነው። መግለጫውን ጮክ ብዬ ሳነብበው ድምፄ ከአፌ ሳይርቅ ይቀራል። አንድ ቀን ሁለት ስኒ አጥቤ ማስቀመጤን ያስተዋልሁት በማግሥቱ ነው። ይህን የምጽፈው መሥሪያ ቤትዎን ለመውቀስ ሳይሆን፣ ምክርዎ እስከ ምን ድረስ ተግባራዊ እንደሆነ ለሪፖርት እንዲጠቅምዎ ነው።

፬. መንደሩ ‹ችኩሉ› እያለ የሚጠራው ጎረቤቴ ማንበብ የማይወድ ሰው ነው። በሦስተኛው ሳምንት ወደ ቤቴ መጥቶ ነጋዴዎቹ ዋጋ እንደጨመሩ፣ እርሱም ያለውን ሁሉ እንደሸጠ፣ እኔም ዛሬውኑ እንድሸጥ መከረኝ። መግለጫውን አውጥቼ በጣቴ እየጠቆምሁ አነበብሁለት። እንዳዘነልኝ ከፊቱ አየሁ፤ እኔ ደግሞ በልቤ ለእርሱ አዘንሁለት። ዛሬ የእርሱ ቤት አዲስ ቆርቆሮ ለብሷል። ክቡርነትዎ ይህን እንደ ቅሬታ ሳይሆን እንደ ጥናት ግኝት ይቀበሉልኝ።

፭. በአሥራ አንደኛው ሳምንት ከሥር ያሉት ጆንያዎች ላብ አውጥተው መሽተት ጀመሩ። ይዤ መቆየቴ መልካም ሆኖ ሳለ እስከ መቼ እንደሆነ ለመጠየቅ፣ ያጠራቀምኋቸውን መግለጫዎች በአቃፊ አድርጌ፣ ንጹሕ ኮቴን ለብሼ ወደ መሥሪያ ቤትዎ መጣሁ። ስለ መስተንግዶው ከልብ አመሰግናለሁ። ዘበኛው ማንን እንደምፈልግ ሲጠይቀኝ መግለጫውን የሚጽፈውን ሰው አልሁት፤ እንዲህ ያለ ሰው መኖሩን እንደማያውቅ፣ ግን ገብቼ መፈለግ እንደምችል ፈቀደልኝ። ጸሐፊዎ ክቡርነትዎ ስብሰባ ላይ መሆንዎን በትሕትና ነገረችኝ። ከበሯ አጠገብ በመስታወት ተሠርቶ የተሰቀለውን ሰሌዳ አነበብሁ፤ ባለፈው ዓመት ሃምሳ ሁለት መግለጫ ታቅዶ ሃምሳ ሁለት ወጥቷል፣ አፈጻጸም መቶ በመቶ ይላል። እንኳን ደስ ያለዎት።

መግለጫውን የምትጽፈውን ባለሙያ ሦስተኛ ፎቅ፣ ከመተላለፊያው ጫፍ፣ መስኮቱ ወደ ሌላ ሕንፃ ግድግዳ በሚያይ ክፍል ውስጥ ብቻዋን አገኘኋት። ልጄ የምትሆን ሴት ናት። አንድ ወንበር ብቻ ስለነበር ተነሥታ ለእኔ ሰጠችኝና ራሷ በሲባጎ የታሰረ የወረቀት ጥቅል ላይ ተቀመጠች። ኋላ ሳየው ጥቅሉ ሳይሰራጭ የቀረ መግለጫ ነው። አቃፊዬን ከፍቼ በቀይ እስክሪብቶ ያሰመርሁባቸውን፣ በጠርዙ ላይ ጥያቄ የጻፍሁባቸውን ገጾች አንድ በአንድ አሳየኋት። ቀስ እያለች አገላበጠቻቸው።

«አባቴ፣» አለችኝ በመጨረሻ፣ «የሚያነበው ሰው መኖሩን ዛሬ ገና ማወቄ ነው።»

ከዚያ ሁሉን ነገረችኝ። ያቺ ዓረፍተ ነገር የተጻፈችው ለአንድ ሳምንት ብቻ ነበር፤ በዚያ ሳምንትም እውነት ነበረች። ሦስቱ መርከቦች ግን ብዙም ሳይቆዩ ጭነው ሄደዋል። የማጓጓዣው ዋጋ ወረደ፣ የአኩሪ አተር ዋጋ ለሁለት ሳምንት ያህል ጥሩ ሆኖ ቆየ፣ ከዚያም ወደቀ። ይህን የሰማችው ወደብ ላይ ከሚሠራ ጓደኛዋ በስልክ ነው። መሥሪያ ቤቱ የመርከብ ኪራይ መረጃ የሚያገኝበት ውል አልቆ ሳይታደስ ስለቀረ በወጉ የምትጽፈው ነገር አልነበራትም። ውሉ እንዲታደስ ሦስት ጊዜ ለክቡርነትዎ ጽፋለች። የተሰጣት መልስ፣ ሰኞ መግለጫው ይውጣ እንጂ ሌላው ይደርሳል የሚል ነው። ስለዚህ በየሳምንቱ ቀኑን እየለወጠች ያንኑ አወጣች። ማንም የማያነበውን ወረቀት ቀኑን መለወጥ ማንን ይጎዳል ብላ እንደነበር ስትነግረኝ ዓይኗን ከገጾቹ ላይ አላነሣችም።

ልቆጣት ፈልጌ ነበር። ነገር ግን በየሰኞው ከአንድ ባዶ ክፍል ተጽፎ በሌላ ክፍል፣ ከጆንያ መካከል ቆሞ በሚበላ ሰው እጅ የሚገባውን ወረቀት ሳስበው ቁጣው አልመጣልኝም። ባለቤቴን የላክኋት በማን ቃል እንደሆነ አልነገርኋትም። ሻይ አስመጣችልኝ፤ ጠጣን። ስወጣ እስከ ደረጃው ድረስ ሸኘችኝ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በስንተኛ ቁጥር እንደማገባው ስላላወቅሁ ያለ ቁጥር እጽፈዋለሁ።

በሳምንቱ የከተማው ዘይት ጨማቂ መኪና ይዞ መጣ። ሰባቱ ጆንያ ሻግቶ ነበር፤ የቀረውን እርሱ ባለው ዋጋ ወሰደው፤ እኔም አልተከራከርሁም። ሁለት ቀን ሙሉ ቤቱን ጠረግሁ፣ ወለሉን አጠብሁ፣ በሩን እስከ መጨረሻው ከፈትሁት። ከዚያ ደወልሁላት። ቤቱ ባዶ መሆኑን፣ ጠረጴዛው መገኘቱን፣ መንገዱ ነፃ መሆኑን ነገርኋት። እጇ ድኖ እንደሆነ ጠየቅሁ፤ ጀሶው ከወጣ ሁለት ሳምንት ሆኖታል። ሳትነግረኝ መቅረቷን ያኔ አወቅሁ።

«እዚህ እኮ ሰው አለ» አለችኝ፤ ቀስ ብላ፣ እንዳይከፋኝ እየተጠነቀቀች።

ቅዳሜ ቀን መጣች። አልተጣላንም። ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ ሻይ ጠጣች፤ ክፍሉ ስለተራቆተ ስኒ ስናስቀምጥ እንኳ ያስተጋባል። ልጆቻችን ከወጡ ጀምሮ ይህ ቤት ለእርሷ ጸጥ እንዳለባት፣ ጸጥታው እንዲህ መሆኑን ግን ከሄደች በኋላ እንዳወቀችው ነገረችኝ። ለእኔ ሲነገረኝ አዲስ ነገር ነበር። የስፌት መኪናዋን ከመኝታ ቤት አውጥቼ አቧራውን ጠረግሁላት፤ በትከሻዬ ተሸክሜ መናኸሪያ አደረስሁላት። አንተም ና አለችኝ። መሬቱን ለማን ጥዬ አልኋት። እንግዲያው እሁድ እሁድ እየመጣህ ምሳ ብላ አለችኝ። አሁን እሁድ እሁድ ኮቴን ለብሼ፣ ፍራፍሬ በፌስታል ይዤ፣ የገዛ ሚስቴን በእንግድነት እጠይቃለሁ። ልጃገረዶቹ ጋሼ መጡ ብለው ወንበር ይለቁልኛል። አሥር ሰዓት ላይ የሚነሣው አውቶቡስ እንዳያመልጠኝ የምታስታውሰኝ እርሷ ናት።

ክቡር ሆይ፣ ካሣ አልጠይቅም። ባለቤቴ የሄደችው በመርከብ ምክንያት ነው ብዬ እርስዎን ማስቸገር ለእኔ ምቹ ነበር፤ ግን ከላይ እንደጻፍሁት ጸጥታው ከአኩሪ አተሩ በፊትም ነበረ። ጆንያዎቹ በሩን አሳዩአት እንጂ አልፈጠሩትም። የምለምንዎ ሁለት ትንንሽ ነገሮችን ነው። አንደኛው፣ በመግለጫዎ ውስጥ ለእያንዳንዱ ምክር የተጻፈበት ትክክለኛ ቀን ከጎኑ ይቀመጥለት። ሁለተኛው፣ ለባለሙያዋ ክፍል አንድ ተጨማሪ ወንበር ይፈቀድ፤ አንባቢ የመጣ እንደሆነ እርሷም የምትቀመጥበት ይኑራት።

ለዚህ ሁሉ ውለታዎ ቃል የሚያጥረኝ፣ ምክርዎን ከማንም በላይ የፈጸምሁ፣ የክቡርነትዎን የሥራ ስኬትና የሰሌዳዎን መስታወት ንጽሕና ሁልጊዜ የምመኝ፣ ታዛዥ አንባቢዎ፣

አኩሪ አተር አምራቹ

ከግርጌ የተጨመረ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስል፣ ባለሙያዋ የመሥሪያ ቤቱን ገመና ለውጭ ሰው ተናግራለች ተብላ ወደ መዝገብ ቤት መዛወሯን ሰማሁ። ክፍሏም ተቆልፏል አሉ። የዚህ ሳምንት መግለጫ ግን በቀኑ ወጥቶ ደርሶኛል፤ ከግርጌው እንደ ቀድሞው የእርሷ ፊርማ አለበት። ክቡርነትዎ ጊዜ ባገኙ ጊዜ፣ ይህን መግለጫ የጻፈችው እርሷ መሆኗ ቢያንስ ለራሷ ይነገራት።