ጎሽ ያሉት መጽሐፍ

ጥፋቱ የሰብስቤ ነው። ሌላ ሰው እንዳትጠረጥሪ፣ እግዜርንም እንዳታሚ፣ እህቴ አባይነሽ። ወሬው በመንገደኛ አፍ ተጣሞ ሳይደርስሽ ብዬ ነው ስሙን ከሰላምታ ያስቀደምኩት። አሁን ሰላምታዬን ተቀበዪ። እንዴት ከርመሻል? ያ ሌሊት ሌሊት የሚጠዘጥዝሽ ጉልበትሽ እንዴት ነው? ባልሽ ይመርስ ሳሉ ለቀቀው? ዝናቡስ ዘንድሮ አምባሰልን አሰባት ወይስ እንደለመደው ዘነጋት? እኔ ወባው አልፎ አልፎ ከሚያንቀጠቅጠኝ በቀር ሥጋዬ ደህና ነው። ልቤን አትጠይቂኝ።

ሰብስቤ በሰባ ሰባቱ ድርቅ ጊዜ ከእኛ ጋር ወደ ጋምቤላው ሰፈራ የመጣ አስተማሪ ነው። ፊደል ያስቆጠረኝ እሱ ነው፤ በአርባ ዓመቴ፣ ከሣር ዳስ ሥር ከልጆች እኩል አስቀምጦ። አንድ ፊደል በለየሁ ቁጥር «ጎሽ ሺታዬ!» ይለኝ ነበር። ይህንንም የምጽፍልሽ እሱ ባስተማረኝ ፊደል ነው፤ ይኸው ራሱ ያንገበግበኛል።

ጎረቤታችን ኩዎል ዳሱ አጠገብ ቆሞ ይስቅብን ነበር። ኩዎል የባሮ ወንዝ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ በልጅነቱ አዞ እግሩን ስለያዘው ያነክሳል። አማርኛውን የለቀመው ከገበያ ነው። «እናንተ ሰዎች፣ ሰው ትምህርት ሲያውቅ ለምን ጎሽ ትሉታላችሁ? ሺታዬ ቀንድ የለው፣ ጭራ የለው!» ይል ነበር። እሱ የሚያውቀው ሣር ውስጥ የሚውለውን ጎሽ ብቻ ነበርና።

ባንተአምላክን የበላው ያ ቃል ነው። ባሌን ጎሽ ወጋው ብዬ ነበር የጻፍኩልሽ፤ ውሸት ነው። በሰባ ዘጠኝ ዓመተ ምሕረት፣ ጀንበር ስታዘቀዝቅ፣ ከርከሮ በቆሏችን ውስጥ ገባ። ባንተአምላክ ከሰው ቁመት በላይ በሆነው ሣር ውስጥ ገብቶ ውሻውን ለቀቀና «ጎሽ! ጎሽ!» እያለ ያበረታታው ጀመር። ሰብስቤ የመንደሩ ታጣቂም ስለነበር ማሳው ዳር ጠመንጃውን ይዞ ቆሟል። «ጎሽ» ሲባል ሰማ፣ ሣሩ ሲነቃነቅ አየ፣ ተኮሰ። ጥይቱ በባሌ ጉሮሮ ገብቶ በማጅራቱ ወጣ። እኔ ስደርስ ውሻው የጌታውን ደም ይልስ ነበር። ሰብስቤ መሬት ላይ እየተንከባለለ «ጎሽ መስሎኝ! ጎሽ መስሎኝ!» ይላል። ሬሳውን በትከሻው ተሸክሞ፣ እያነከሰ፣ ቤቴ ድረስ ያመጣልኝ ኩዎል ነው።

ሽማግሌ ተቀመጠ። ሰብስቤ ድንጋይ ተሸክሞ እግሬ ላይ ወደቀ፤ ይቅር አልኩት። ሽማግሌዎቹ ግን አንድ ነገር አስማሉን። ልጄ ጸጋአብ ያኔ የስድስት ዓመት ሕፃን ነበር። አድጎ ደም እንዳይመልስ፣ አባትህን ጎሽ ገደለው ይባል አሉ። ማልን። እኔ መሐላዬን ዋጥኩት እንጂ አልተፋሁትም።

ሰብስቤ ግን መጽሐፍ ጻፈ። ጋምቤላ ክልል ከሆነች ወዲህ የድርሰት ውድድር ተባለና አንደኛ ወጣ። ከጎሽ ቀንድ የተሠራ ዋንጫ ሸለሙት፤ ጎሽ፣ ጎሽ እያሉም አጨበጨቡለት። መጽሐፉ እኛ መንደር ሲደርስ መስመሩን በጣቴ እየተከተልኩ አነበብኩት። ባንተአምላክ በስሙ አለበት። ገዳዩ ግን ሣር ውስጥ አድፍጦ የሚተኩስ አንድ አንካሳ ዓሣ አጥማጅ ሆኗል። ሬሳውን ተሸክሞ ለሚስቱ የሚያደርሰው ደግሞ ደጉ አስተማሪ ነው። የኩዎልን ትከሻ ለራሱ ወሰደ፤ የራሱን ጥይት ለኩዎል ሰጠው።

ጸጋአብም አነበበው። «አባቴን ጎሽ ወጋው አላልሽኝም?» ብሎ አፈጠጠብኝ። መሐላውን አፍርሼ እውነቱን ዘረገፍኩለት። አላመነኝም። «አንዴ ዋሽተሽኛል፣ እማዬ። ይኼ እኮ ዝም ብሎ መጽሐፍ አይደለም፣ የተሸለመ ነው። ያ ሁሉ የተማረ ሰው መርምሮ አንደኛ ያለውን አንቺ ነሽ የምታርሚው?» አለኝ። አየሽ እታለም፣ ሽልማት ለአንባቢ ይህ ነው። ባይሸለም ኖሮ ይጠራጠረው ነበር። የተሸለመውን ግን እንደ ዳዊት ተሳልሞ ተቀበለው፤ እናቱን ተፋ።

በማግስቱ ከሁለት ጓደኞቹ ጋር ሄዶ ኩዎልን ባሮ ዳር መረብ ሲጠግን አገኘው። በገዛ መቅዘፊያው ቀጠቀጡት። መረብ የሚጥልበትን ክንዱን ሰበሩት፣ አንድ ዓይኑን አፈሰሱት። ጩኸት ሰምቼ ስደርስ ልጄ ደረቱ ላይ ቆሟል። ያ ደረት ልጄ በትኩሳት ሲነድ ያቀፈው፣ ያስተኛው ደረት ነው። እጁን በጥርሴ ይዤ ደሙ አፌ ውስጥ እስኪገባ ነከስኩት፤ ያኔ ወረደ። የኩዎል ሚስት ኛቦል ደረቷን እየደቃች «ዓሣ ያበላሁት ልጅ! እሾኽ ለቅሜ ያበላሁት ልጅ!» ትል ነበር። ልጄን በገዛ እጄ ጎትቼ ለፖሊስ ሰጠሁት። ኩዎልን ሆስፒታል ስጠይቀው «ሺታዬ፣ ዘንድሮ ደግሞ ጎሹ እኔ ሆንኩ» አለና ሊስቅ ሲል ስብራቱ አስቃሰተው።

ብዙም ሳይቆይ ሰብስቤ በከተማው አዳራሽ ለአንባቢዎች ያነባል ተባለ። ሄድኩ። ተነሥቼ «አንድ ሰው በዚህ መጽሐፍ ዓይኑ ጠፍቷል። እውነቱን አሁን ተናገር፣ እስር ቤት ያለው ልጄም ይስማ» አልኩት። እሱ ፈገግ ብሎ «እትዬ ሺታዬ፣ ይህ እኮ ልብ ወለድ ነው» አለኝ። «ልብህ ከወለደው፣ ታዲያ ለምን የባሌን ስም አወጣህለት?» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈነዳ። ጨዋታ መሰላቸው። «ጎሽ እናት! ጎሽ!» እያሉ አጨበጨቡ።

ያ ቃል ጆሮዬ ሲገባ ዓይኔ ደም ለበሰ። ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጠውን የቀንድ ዋንጫ አንሥቼ አፉን አልኩት። ጥርሱ ረግፎ በመጽሐፉ ላይ ወደቀ። ሲጎትቱኝ «ጎሽ መስለኸኝ ነው!» አልኩት። ፊቱ አመድ መሰለ። ፖሊስ ክሰስ ሲለው፣ ደሙን በመሐረብ እንደያዘ «አልከስም» ብሎ ሄደ። እኔንም ለቀቁኝ።

ጸጋአብ ይህን እስር ቤት ሆኖ ሰማ። ስንቅ ስወስድለት «ጥርሱን አርግፈሽው ለምንድን ነው ያልከሰሰሽ?» አለኝ። ስንቁን አቀበልኩት። እሱም ቁጭ ብሎ መዳፉን ያይ ጀመር። ከዚያ ወዲህ ቀና ብሎ አያየኝም። ሰብስቤ ግን አንዲት ቃል አላረመም፤ ዋንጫውንም አጥቦ መልሶ አስቀምጦታል አሉ።

ይመርን እግዜር ይማርህ በዪልኝ። አራሷን አልማዜን ጉንጭ ለጉንጭ ሳሚልኝ፤ ወተቷ ደህና ይውረድላት። የአባታችንን መቃብር የምትጠብቀውን አክስታችንን እግሯን ሳሚልኝ። ትንሿ ሊና ፊደል መለየት ጀመረች ብለሽኛል። እሷንም አቅፈሽ ሳሚልኝ፤ አክስትሽ ደስ አላት በያት። ጎሽ ብላሻለች ግን እንዳትያት። እኔ ከእንግዲህ ለሰውም፣ ለውሻም፣ ለመጽሐፍም ጎሽ አልልም።

እህትሽ ሺታዬ
ጋምቤላ፣ ከኢታንግ በላይ ካለው ሰፈራ
የካቲት ፲፱፻፺ ዓ.ም.