የታች ሰፈር ምንጭ

ሰኔ 3
የታች ሰፈርን ምንጭ ናሙና ቀዳሁ። ክረምቱ ገና ሳይጠና ጎርፉ ከላይ ካሉት መጸዳጃ ቤቶች እየወረደ በአጠገቡ ያልፋል። ጠርሙሱን በሚኒባስ ወደ ደብረ ታቦር ላቦራቶሪ ላክሁት። ቄራውንም መመርመር ነበረብኝ፤ ደከመኝ፣ ለነገ አቆየሁት።

ሰኔ 9
ውጤቱ መጣ። ውኃው በዓይነ ምድር ተበክሏል። ለማዘጋጃ ቤቱ ኃላፊ ለአቶ ዳኛቸው ይዤ ገባሁ። ሰኞ እንግዶች አሉብን፣ እስኪሄዱ ምንጩን መዝጋቱ ይቆይ አሉኝ። ሌላ ውኃስ ከየት ይመጣል አሉ... እውነትም የቧንቧ ውኃ ከጠፋ ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ወረቀቱን መሳቢያ ውስጥ ከተትሁት። አራት ቀን ምን አላት?

ሰኔ 10
ከሥራ ስመለስ ጌጤ ምንጩ ዳር ጀሪካን ትሞላለች። ጎረቤቴ ናት። ከጅዳ ከተመለሰች ዓመት አልሞላትም፤ እናቷን እማማ እቴነሽን ትጦራለች። ውኃው ደፍረስ ብሎባታል።
«ማሬ፣ መርማሪዋ አንቺ ነሽ። ይጠጣል?» አለችኝ።
«ይጠጣል» አልኋት።
ለምን? አፍልታችሁ ጠጡ ማለት እንኳ ምን ይከብድ ነበር?

ሰኔ 14
ጤና ጣቢያው ሞልቷል። ትውከትና ተቅማጥ... አሥራ አንድ ሰው፣ ሁሉም ከታች ሰፈር። እማማ እቴነሽም ግሉኮስ ተሰክቶላቸው ተኝተዋል። ልጠይቃቸው የመጣሁ መስሏቸው እጄን ይዘው መረቁኝ።

ሰኔ 15
እማማ እቴነሽ አረፉ።

ሰኔ 16
ማንንም ሳላስፈቅድ ምንጩን በእሾህ አጠርሁት። አቶ ዳኛቸው ደውለው ማን ፈቀደልሽ አሉ። አጥሩን አላነሳሁም። ከሰዓት በኋላ ውኃ የጫነ ቦቴ መጣ። ቀድሞም ይገኝ ነበር ማለት ነው...

ሰኔ 19
ልቅሶ ቤት ሄጄ ጌጤን ወደ ጓሮ ጠርቼ ነገርኋት።
«ስጠይቅሽ ታውቂ ነበር?»
«አውቅ ነበር።»
«ለእኔ ብቻ ነግረሽ ልትገላገዪ ነው? ለሰፈሩም ንገሪ።»

ሰኔ 26
ከቅዳሴ መልስ ሰፈሩ ሲሰበሰብ ቆሜ ወረቀቱን አነበብሁላቸው። ይቆይ መባሌንም አልደበቅሁ። ጌጤን የዋሸሁት ግን እኔው ነኝ፤ ማንም አላዘዘኝም። የደብሩ አለቃ አስናቀ ብቻ ተናገሩ። «ልጄ፣ አንቺን አምነን ነው የጠጣነው።» ሌላው ወደየቤቱ ተበተነ።

ሐምሌ 12
የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ደረሰኝ። ለአቶ ዳኛቸውስ? እንጃ። ምንጩ ታጥቦ ክሎሪን ተደርጎበታል፤ የጎርፉም መንገድ ተቀይሯል። ሰፈሩ ግን ናሙናውን እኔ ብቻዬን እንዳልልክ ወስኗል። ይዛ እንድትሄድ ጌጤን መርጠዋል። ትክክል ናቸው።
ጠርሙሱን ሞልቼ፣ ከድኜ ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀበለችኝ። ሚኒባሱ ሲነሳ በመስኮቱ አየኋት... ጭኗ ላይ አቅፋዋለች።