የሸክም ማሳረፊያው መደብ

ለእህቴ፤

እኔ ምንም አቤቱታ አልፈረምኩም። ጎረቤቴ ሒሩት መገናኛ ላይ አግኝታሽ «እህትሽ ድምፁ ረበሸኝ ብላ የሙዚቃውን ሜዳ መደብ ልታስፈርስ ነው» እንዳለችሽ ሰማሁ። ሐሰት ነው። ይህን ካቃናሁ በኋላ ጤናሽን ልጠይቅ፤ ጉልበትሽ እንዴት ነው? የአያት ኮንዶሚኒየም ደረጃስ አልከበደሽም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

መደቡ ግን በእርግጥ ሰኞ ሊፈርስ ነው። የሜዳውን እድሳት የያዘው መሐንዲስ ሬድዋን የሚባል ጨዋ ልጅ ነው። ሲለካ አገኘሁትና «እማማ፣ ይህን መቀመጫ ለቀጭኔ ነው እንዴ የሠሩት? ኮንሰርት ሊያይ የመጣ ሰው እግሩ ተንጠልጥሎ ያመዋል» ብሎ አሳቀኝ። በመግቢያው ሰሌዳ ላይ ስለሚያስጽፈው የሜዳውን ታሪክ ጠየቀኝ። አብዮቱ ሲመጣ ቀበሌው የኪነት መድረክ እንዳቆመበት፣ ኋላ የሠርግ ድንኳን ይተከልበት እንደነበር፣ እነዚህ ትልልቅ ድምፅ ማጉያዎች መቼ እንደመጡ ነገርኩት። መደቡ ለምን ከፍ እንዳለ ሲጠይቀኝ «እንጃ» አልኩት።

አንቺ ታውቂዋለሽ። እናታችንና ጓደኞቿ ድንጋዩን የካቡት ሊቀመጡበት አልነበረም። ከእንጦጦ ባሕር ዛፍ ተሸክመው ሲወርዱ፣ ጀርባቸውን አስጠግተው ሸክሙን የሚያሳርፉበት ነበር። ልኩ የእናታችን ወገብ ነው።

ሬድዋን «እርስዎ በምን አወቁ?» እንዳይለኝ ፈራሁ። በሰፈሩ የባላባት ልጅ ያደረጉኝ አሉ፤ አርባ ዓመት የተማሪ ስህተት ሳርም የኖርኩ ሴት ይህን አንድ ቀን አላረምኩም።

ሌላም አለ። በ1955 ዓ.ም. የአዳሪ ትምህርት ቤቴ መዘምራን በዚያ ሜዳ ዘመርን፤ በቦታው የመጀመሪያው የሙዚቃ ዝግጅት እሱ ነው። ነጭ ሸሚዝ ለብሼ መደቡ ላይ ቆሜያለሁ። እናታችን ከነሸክሟ ቆማ ሳቀችልኝ። አንቺም ትንሿን የእንጨት እስር ተሸክመሽ ከጎኗ ነበርሽ፤ እኔ ፊደል እንድቆጥር አንቺ እንጨት ቆጠርሽ። መምህሬ «ያቺን ሴትዮ ታውቂያታለሽ?» አለችኝ። «አላውቃትም» አልኩ፤ እንዳስተማሩኝ ቃሉን አጥርቼ።

ሸክሟን ሳታሳርፍ ወረደች። ከዚያ ወዲያ በዚያ በኩል አላለፈችም። አንቺ «በወንዙ በኩል አቋራጭ አገኘን» ብለሽኝ ነበር። ባለፈው ሳምንት ከዘራዬን ይዤ ሁለቱንም መንገድ በእርምጃ ቆጠርኩ። የወንዙ በስምንት መቶ እርምጃ ይረዝማል።

ስልሳ ዓመት ሙሉ አንድም ቀን አላነሳሽብኝም። ብታነሺው ይቀለኝ ነበር።

እግዚአብሔር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የልጅ ልጆችሽን ወግ ያሳይሽ።

ነገ በማለዳ፣ ሠራተኞቹ ሳይገቡ፣ ሬድዋን ዘንድ እሄዳለሁ። መደቡ ለምን ከፍ እንዳለ እነግረዋለሁ። በምን እንዳወቅሁ ከመጠየቁ በፊት እሱንም እነግረዋለሁ። ከዚያ ለሰሌዳው የእናታችንን ስም በእጄ ጽፌ እሰጠዋለሁ፤ ከሥሩም «እንጨት ተሸካሚ» ብዬ።

ታላቅ እህትሽ፣
የበለጡ ልጅ