አራተኛውን ክፍል ቡራዩ አላየውም

ታኅሣሥ 1፣ ዓርብ፣ ከቀኑ 10 ሰ.
ፖስተር ለጥፌ መመለሴ ነው። እጄ ሙጫ በሙጫ። ቡራዩ በመሬቱ ተቃውሞ ዛሬም ገርበብ ብላለች፤ ት/ቤት የለም፣ ፌስቡክም ተዘግቷል። ስለዚህ ደብተሬ፣ ንዴቴን የምትችይው አንቺ ነሽ። የቪዲዮ ቤታችን ባለቤት ጋሽ ታደሰ የጠፈር መርከቧን ፊልም ሰባቱንም ክፍል በየቅዳሜው እናሳይ ያሉት ራሳቸው ናቸው። ሦስቱ ታዩ። አሁን አራተኛው ይዘለል ይላሉ። ሰው ይጮህብናል፣ አምስተኛው ተኩስ አለው ነው ምክንያታቸው። እንዴት ተደርጎ!

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ፣ 11 ሰ.
መንገድ ተዘጋ፣ ጎማ ተቃጠለ። ትርዒቱ ለሳምንት ተዛወረ። ጊዜ አገኘሁ፣ ልናዘዝ።
እኛ ቪዲዮ ቤት ወሬ የበዛበት ፊልም አይታይም። ተዋናዮቹ ማውራት ሲጀምሩ ተመልካቹ «አሳልፊው!» ይላል፣ ማጫወቻውን የምይዘው እኔ ነኝና አሳልፋለሁ። አራተኛው ደግሞ ወሬ ብቻ ነው። አምና ስናሳየው የሁለት ሰዓቱን ፊልም በሠላሳ አምስት ደቂቃ ጨረስኩት። ሰው ተሳደበ፣ እኔም አብሬ ሳቅኩ። ብቻዬን ሙሉውን ያየሁት ከወር በኋላ ነው። አፈርኩ። ከተማው ሁሉ የሚጠላው ያላየውን ፊልም ነው፤ ጥፋቱም የኔ።

ታኅሣሥ 4፣ ሰኞ
ከባጃጅ ነጂው ቶሎሳ ጋር ተጣላሁ። ካፒቴኑ ፈሪ ነው ይላል፣ አንድ ጥይት ሳይተኩስ ፊልም ያልቃል። አዎ ያልቃል! በሦስቱ ክፍል ሲተኩስ ከርሞ ማንን እንደገደለ እንኳ አያስታውስም። እዚህ ግን ለአዲስ ከተማ መሬት ሊለካ ወደ አንዲት ጨረቃ ይወርዳል፤ አንዲት አሮጊት አስቀምጣ የምንጮቹን ስም ትጠይቀዋለች። አንዱንም አያውቅም። ከዚያ በላይ ምን ውጊያ አለ? ጨረቃዋ ኳስ ትመስላለች፣ አልክድም። ሙዚቃውም አይረባም። ቶሎሳ ሳቀብኝ። ይሳቅ።

ታኅሣሥ 6፣ ረቡዕ
ለአባባ አሳየሁት። ለከተማ ማስፋፊያ መሬት የሚለኩት ሰዎች የጤፍ ማሳው ላይ ችካል ከተከሉ ወዲህ አንደበቱ ተዘግቷል። በላፕቶፕ፣ በኦሮምኛ እየተረጎምኩ፣ ምንም ሳልዘል። ፊልም አይወድም፤ ሊተኛብኝ ነው ብዬ ነበር። አሮጊቷ ስለ ምንጮቹ ስትጠይቅ አባባ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ከዚያ የኛን ምንጮች ስም ጮክ ብሎ ይጠራላት ጀመር፣ ከላይኛው እስከ ወንዙ። ሲያልቅ ኩን ዱጋዳ አለ። ይህ እውነት ነው ማለቱ ነው። አለቀስኩ።

ታኅሣሥ 8፣ ዓርብ፣ 9 ሰ.
ጋሽ ታደሰ ጠሩኝ። የማያውቋቸው ሰዎች መጥተው ፊልሙ ስለምን እንደሆነ ጠይቀዋቸዋል። አራተኛው ይታይ ካልሽም የአሮጊቷን ትዕይንት ዝለይና ሥራሽን ያዢ፣ አለዚያ የቪዲዮ ቤቱን ቁልፍ መልሺ አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፤ ልጆች አሏቸው፣ ይፈራሉ። እኔም እፈራለሁ። ግን እሷን ከዘለልኩ የሚቀረው ኳስ የምትመስለው ጨረቃ ናት። ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ ብዬ ቁልፉን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀመጥኩ።

10፡30
ተወሰነ። አራተኛው ነገ 8 ሰ. ሳይዘለል ይታያል፣ እኛ ግቢ፣ በኛው ቲቪ። ለቶሎሳም ነገርኩት፤ ለመሳደብ እመጣለሁ ብሏል፣ ይምጣ። አባባ ከዕድሩ አግዳሚ ወንበር ሊያመጣ ጋሪ ጠምዶ በር ላይ ቆሟል። ስንት ይበቃል ይለኛል። ያለውን ሁሉ አልኩት።